ሒሳባዊ ኦፕቲማይዜሽን በኃይልና በትራንስፖርት መረቦች ንድፍ

ሒሳባዊ ኦፕቲማይዜሽን ማለት በታወቁ ገደቦች ውስጥ ሊደረጉ ከሚችሉ ምርጫዎች ሁሉ የተሻለውን በስሌት ለይቶ ማውጣት ነው። የኃይል ማስተላለፊያ መሥመር፣ የጋዝ ቧንቧ፣ የባቡር ሐዲድም ሆነ የመኪና መንገድ የሚነድፍ ባለሙያ በዚህ ዘዴ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው፦ የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋር ይገናኝ፣ ግንኙነቱ ምን ያህል ይሸከም፣ ጠቅላላ ወጪውስ እንዴት ዝቅ ይበል። ሥራውን የሚያከብደው የምርጫዎቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መረቡ ከተዘረጋ በኋላ በውስጡ የሚፈሰው ነገር የነዳፊውን ትእዛዝ አለመስማቱም ጭምር ነው። ኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ለፊዚክስ ሕግ ነው፤ አሽከርካሪም የሚሄደው ለራሱ በሚያዋጣው መንገድ ነው።

የመስኩ አንዱ መነሻ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። በ1926 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የቼክ የሒሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩቭካ ሞራቪያ በተባለው የቼክ ግዛት የሚገኙ ቦታዎችን በአነስተኛ የሽቦ ርዝመት ለማገናኘት የሚያስችል ስልት አሳተመ። ስልቱ እያንዳንዱን ቦታ በቅርብ ካለው ጋር ያያይዛል፤ የተያያዙትንም እንደ አንድ ቦታ እየቆጠረ ሁሉም እስኪገናኙ ድረስ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው መረብ አንድም ቀለበት የለውም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን አንድ ሽቦ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። የከፍተኛ ቮልቴጅ መረብ ዐቃጆች በዚህ ምክንያት ማናቸውም አንድ መሥመር ወይም ትራንስፎርመር በድንገት ቢቋረጥ ቀሪው ሥርዓት አገልግሎቱን መቀጠል አለበት የሚለውን መመዘኛ ከገደቦቻቸው መካከል ያስገባሉ። ይህም ለእያንዳንዱ ሊቋረጥ ለሚችል ዕቃ የመረቡን ፍሰት እንደገና ማስላት ስለሚጠይቅ፣ የስሌቱን መጠን ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል።

ዛሬ የሚሠራበት የሒሳብ መሣሪያ በአብዛኛው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 በሶቪየት ኅብረት የኮምፔንሳቶ አምራቾች ማሽኖቻቸውን እንዴት ቢደለድሉ የበለጠ እንደሚያመርቱ ሲያጠና ግቡና ገደቦቹ በቀጥተኛ (ሊኒየር) እኩልታዎች ለሚጻፉበት፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ለተባለው ዘዴ መሠረት ጣለ፤ በ1947 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የማስሊያ ስልት ቀመረ። በ1975 ካንቶሮቪች ከትያሊንግ ኩፕማንስ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዳንትዚግ አለመካተቱ ብዙዎችን አስገርሟል። የመረብ ፍሰት ንድፈ ሐሳብም ቢሆን ሰላማዊ ይመስላል እንጂ፣ በ1955 የሶቪየት ኅብረት የባቡር መረብ ምን ያህል እንደሚሸከምና የት ቢቆረጥ እንደሚሽመደመድ ለመገመት ከተዘጋጀ ምስጢራዊ ወታደራዊ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት ፎርድና ፉልከርሰን በ1956 ባሳተሙት ሥራ እንደተረጋገጠው፣ በአንድ መረብ ሊያልፍ የሚችለው ከፍተኛ ፍሰት መረቡን ለሁለት ለመክፈል መቆረጥ ካለባቸው መሥመሮች ዝቅተኛ ድምር አቅም ጋር እኩል ነው።

ንድፍ ከዕለታዊ አሠራር የሚለየው ግማሽ መሥመር ወይም ሩብ ድልድይ መሥራት የማይቻል በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዕጩ መሥመር ይሠራል ወይም አይሠራም፤ ሃምሳ ዕጩ መሥመሮች ብቻ ቢኖሩ የሚገኙት ጥምረቶች ከ1,125 ትሪሊዮን ይበልጣሉ። አይልሳ ላንድና አሊሰን ዶይግ በ1960 ያቀረቡት ዘዴ ምርጫዎቹን እንደ ቅርንጫፍ እየከፋፈለ፣ የተሻለ መፍትሔ ሊገኝባቸው እንደማይችል የተረጋገጡትን ቅርንጫፎች ሳይመረምራቸው ይቆርጣል። ዣክ ቤንደርስ በ1962 ያሳተመው ስልት ደግሞ “ምን ይሠራ” የሚለውን ጥያቄ “የተሠራው እንዴት ይንቀሳቀስ” ከሚለው ለይቶ ሁለቱን እያመላለሰ ይፈታል። የዘዴዎቹ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ መፍትሔውን ማግኘታቸው ብቻ ሳይሆን በእጅ ያለው መፍትሔ ከምርጡ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚርቅ ማሳወቃቸው ነው፤ በልምድ ብቻ የሚሠራ ነዳፊ ይህን ማወቅ አይችልም።

በኤሌክትሪክ መረብ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኃይል የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገዙት በኪርሾፍ ሕጎች መሠረት ባሉት መንገዶች ሁሉ ይከፋፈላል እንጂ በተመረጠለት መሥመር ብቻ አይሄድም። ለምሳሌ ሀ እና ሐ የተባሉ ሁለት ጣቢያዎች 80 ሜጋ ዋት በሚሸከም አንድ መሥመር ተገናኝተዋል እንበል። “ለ” በተባለ ሦስተኛ ጣቢያ በኩል የሚያልፍ ሁለተኛ መንገድ ቢጨመርና ሦስቱም መሥመሮች እኩል የኤሌክትሪክ ባሕርይ ቢኖራቸው፣ ከጠቅላላው ኃይል ሁለት ሦስተኛው በቀጥታው፣ አንድ ሦስተኛው በአዲሱ መንገድ ይሄዳል። የአዲሱ መንገድ አቅም 20 ሜጋ ዋት ብቻ ከሆነ ጠቅላላው ዝውውር ከ60 ሜጋ ዋት ማለፍ አይችልም፤ ገንዘብ ወጥቶ መሥመር ተጨምሮ አቅሙ ከ80 ወደ 60 ወረደ ማለት ነው። ዐቃጆች ለረጅም ጊዜ ዕቅድ እንዲህ ያለውን ፍሰት በቀጥተኛ እኩልታዎች አቃልለው ይጽፉታል። ቮልቴጅንና ብክነትን ጨምሮ ሙሉውን የተለዋዋጭ ከረንት ፊዚክስ የያዘው ስሌት፣ በ1962 ዣክ ካርፓንቲዬ የቀመረው፣ እጅግ ከባድ ነው፤ አንድ መፍትሔ በአካባቢው ምርጥ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ምርጥ ላይሆን ይችላል። በጋዝ ቧንቧም ፍሰቱ የሚወሰነው በሁለቱ ጫፎች ግፊት ስኩዌሮች ልዩነት ስለሆነ ተመሳሳይ ውስብስብነት ይገጥማል።

በመንገድ ላይ የፊዚክስን ቦታ የሚይዘው የሰው ፍላጎት ነው። የትራፊክ ተመራማሪው ዋርድሮፕ በ1952 እንደገለጸው፣ ማንም አሽከርካሪ ብቻውን መንገድ ቢቀይር የማያተርፍበት ሁኔታ ሲደረስ ትራፊኩ ይረጋል፤ ይህ እርጋታ ግን ለሁሉም የሚበጀው ላይሆን ይችላል። ጀርመናዊው ዲትሪሽ ብራስ በ1968 ያሳየው አያዎ ብዙ ጊዜ በሚከተሉት ቁጥሮች ይብራራል። አራት ሺሕ መኪኖች በሁለት መንገዶች ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ መንገድ ሁል ጊዜ 45 ደቂቃ የሚወስድ ሰፊ ክፍልና የመኪኖቹን ቁጥር ለመቶ ያካፈልነውን ያህል ደቂቃ የሚወስድ ጠባብ ክፍል አለው፤ ጠባቡ ክፍል በአንደኛው መንገድ መጀመሪያ ላይ፣ በሌላው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይገኛል። እኩል ሲካፈሉ እያንዳንዱ 65 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁለቱን ጠባብ ክፍሎች የሚያገናኝ፣ ጊዜ የማይወስድ አቋራጭ ቢከፈት ግን ሁሉም በጠባቦቹ በኩል ይጎርፋል፤ የጉዞው ጊዜም 80 ደቂቃ ይሆናል። ወደ ቀድሞው መንገድ ለመመለስ የሚሞክር ብቸኛ አሽከርካሪ 85 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ማንም አይመለስም። በዚህ ምክንያት የመንገድ መረብ ንድፍ ሁለት ደረጃ አለው፦ ከላይ ነዳፊው ይወስናል፣ ከታች ተጓዦች ለውሳኔው ምላሽ ይሰጣሉ፤ ምላሹም በስሌቱ ውስጥ ካልገባ ውጤቱ አይታመንም።

የባቡር ሁኔታ በዚህ ረገድ ይቀላል፤ ባቡር እንደ አሽከርካሪ መንገድ አይመርጥምና። በየተወሰነ ደቂቃ የሚደጋገም የጊዜ ሰሌዳን የሚቀምረው ሞዴል በ1989 በሴራፊኒና በኡኮቪች ቀርቦ፣ በ2005 ለበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር፣ በ2006 መጨረሻም ለኔዘርላንድስ ባቡሮች አዲስ ሰሌዳ ሥራ ላይ ውሏል።

ዐቃጁ የሚያስበው ለአሥርተ ዓመታት ስለሆነ ፍላጎትን፣ የነዳጅ ዋጋንና የዝናብን መጠን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ፔሬይራና ፒንቶ በ1991 ያቀረቡት ስልት ለዚህ ምሳሌ ነው፤ በውኃ ኃይል ላይ በሚደገፍ ሥርዓት፣ በተለይ በብራዚል፣ ዛሬ ግድቡን ማፍሰስ ይሻላል ወይስ ለነገ ማቆየት የሚለውን ብዙ የዝናብ ሁኔታዎችን እያመዛዘነ ያሰላል። ነፋስና ፀሐይ ሲጨመሩ የዓመቱ 8,760 ሰዓታት አንድ በአንድ ሊታዩ ይገባል፤ ስሌቱ እጅግ ስለሚከብድ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ወካይ ቀናት ይመረጣሉ። ምርጫው ነፋስ የማይነፍስባቸውን ተከታታይ ቀናት ከዘለለ፣ በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነው መረብ በተግባር ይጎድላል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች መበራከት ሁለቱን መስኮች በአንድ ስሌት ውስጥ እያገናኛቸው ነው። የኃይል መሙያ ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ አሽከርካሪዎች የሚመርጡትን መንገድ ይለውጣል፤ የአሽከርካሪዎቹ ምርጫም በማከፋፈያው መሥመር ላይ የሚያርፈውን ጭነት ይወስናል፤ ስለዚህ የዋርድሮፕ እርጋታና የኪርሾፍ ሕጎች በአንድ ሞዴል ውስጥ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።