የአንድ ክፍል ልክ ምንድን ነው?

በስልክ የሚነበብ ተከታታይ ልቦለድ፣ የአንድ ክፍሉ ልክ የሚባለው አንባቢ አንዴ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰውና በታሪኩ ውስጥ ወደ ኋላ የማይመለስ አንድ ለውጥ የሚያይበት መጠን ነው። ቀድሞ የሚወሰነው ለውጡ ነው፤ የቃል ቁጥር ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ወንድሟ የእናታቸውን ቤት ሸጧል ሲሏት ከደሴ ፒያሳ ተሳፍራ ኮምቦልቻ የምትወርድ ሴት አለች እንበል። ጸሐፊው የሚኒባሱን ወረፋ፣ የረዳቱን ጥሪ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲተርክ 700 ቃል ይሞላበትና እዚያው መንገድ ላይ «ይቀጥላል» ይላል። ሐረጎ መተረክ የሚገባው መንገድ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ስትሳፈር ከነበረችው አልተለወጠችም፣ አንባቢም የያዘው አዲስ ነገር የለም። ጉዞው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለቅ። በሩን ታንኳኳ። የምትከፍትላት የማታውቃት ሴት የእናቷን ነጠላ ለብሳ ትቁም። መቁረጥ እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የሚሰጠውን የ2000 ቃል ምክር እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። «አልነገረችኝም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ይሆናል። የአማርኛ 2000 ቃል በስልክ ላይ በጣም ይረዝማል።

ቴሌግራም ላይ ለሚያወጣ ሌላም ድንበር አለ። አንድ መልእክት 4096 ፊደል ይይዛል፣ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራል። በአማርኛ ይህ በግምት ከ700 እስከ 800 ቃል ነው። ሲያልፍ ጽሑፉ ለሁለት ይከፈላል፣ ንግግሩ መሃል ላይም ሊቆረጥ ይችላል። ከፎቶ ስር የሚገባ ጽሑፍ በነጻው አካውንት 1024 ፊደል ላይ ስለሚያበቃ ሽፋኑን ለብቻ ልኮ ታሪኩን ማስከተል ይሻላል።

የራስን ልክ ለማግኘት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ሳይቆጥሩ እስከ ለውጣቸው መጻፍ፣ ከዚያ ቆጥሮ መካከለኛውን መለኪያ ማድረግ ነው። 600 ከሆነ 500ም 700ም ያስኬዳል። አንዱ 300 ሌላው 1200 ሲሆን ግን አንባቢ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገው አያውቅም፤ «በኋላ አነበዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ብዙ ክፍል የሚያብጠው በመግቢያው ነው። ያለፈውን ማስታወስ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። በሳምንት ሁለቴ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ሳይጀምር 5 ክፍል ጽፎ ያስቀምጥ፤ ጊዜ ሲያጥረው አንዱን ክፍል ገምሶ ከማውጣት ከተቀመጠው ያወጣል።