የፍሬዛል ቨርብ ተቃራኒ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ የአስጎብኚነት ሥራ እየለመደ ነው። ባለፈው ጥር ከባሕር ዳር በጀልባ አብሬው ዘጌ ሄድኩ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ለሁለቱ እንግዶች በትሕትና «ፑት ኦፍ ዩር ሹዝ ፕሊስ» አላቸው። ጫማችሁን አውልቁ ማለቱ ነው። እሱ ሲያወልቅ አይተው እነሱም አወለቁ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ቀስ ብዬ ነገርኩት። «ቴክ ኦፍ» ነው የሚባለው። ገረመው። «ጋሼ፣ መልበስ ‹ፑት ኦን› ከሆነ ማውለቅ ‹ፑት ኦፍ› አይሆንም እንዴ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መብራት ሲበራ «ተርን ኦን»፣ ሲጠፋ «ተርን ኦፍ» ይባላል። ጀልባ ላይ ስንሳፈር «ጌት ኦን»፣ ስንወርድ «ጌት ኦፍ»። ታዲያ «ፑት» ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

ፍሬዛል ቨርብ ማለት አንድ ግስ እንደ ኦን፣ ኦፍ፣ አፕ፣ ዳውን ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ ግስ ሲሠራ ነው። ትርጉሙ የጥምረቱ ነው። ተቃራኒ የሚፈለገውም ለዚያ ትርጉም ነው፤ ትንሿን ቃል መገልበጥ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። «ፑት ኦፍ» ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው ቀጠሮን ወደ ኋላ ለመግፋት ነው። የእሱ ተቃራኒ ደግሞ «ብሪንግ ፎርዋርድ» ነው፤ ቀኑን ማቅረብ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለው (ዘጸአት 3፥5) በዚሁ በ«ፑት ኦፍ» ነው። ልጁ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተናገረው አንድ ዘመን ትክክል ነበር። የዛሬ ተናጋሪ ግን እንደዚያ አይልም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። የራሳችንን እንይ። ሰጠና ነሳ ተቃራኒ ናቸው፤ «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ» እንላለን። ፊት ሰጠ ማለት አቀረበ፣ ፊት ነሳ ማለት አኮረፈ፣ አራቀ። እስከዚህ ልክ ነው። እጅ ሰጠስ? ተሸነፈ፣ ተማረከ ማለት ነው። እጅ ነሳ ግን አልማረክም ማለት አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላም አለ ማለት ነው። እኛም ከገዳሙ የወጣነው ለመነኩሴው እጅ ነስተን ነበር። ጆሮ ሰጠ ካልን ደግሞ ተቃራኒው ጆሮ ነሳ ሳይሆን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ስንሰማ ነው ያደግነው። እንግሊዝኛውም ያንኑ መሰማት ይፈልጋል።

አንዱ ፍሬዛል ቨርብ ብዙ ትርጉም ሲኖረው ተቃራኒውም ይበዛል። ልብስ ሲሆን የ«ቴክ ኦፍ» ተቃራኒ «ፑት ኦን» ነው። አውሮፕላን ከባሕር ዳር ሲነሳም «ቴክ ኦፍ» ነው፤ ተቃራኒው ግን «ላንድ» (ማረፍ) የሚል ነጠላ ግስ ነው። «ተርን አፕ» እና «ተርን ዳውን» ለሬዲዮ ድምፅ ተቃራኒ ናቸው። ለሰው ሲሆኑ ግን አይገናኙም፤ የመጀመሪያው ብቅ ማለት፣ ሁለተኛው ግብዣን ወይም ጥያቄን አልቀበልም ማለት ነው። ሆቴል ስትገቡ «ቼክ ኢን»፣ ስትወጡ «ቼክ አውት»። እዚያው የሚሞላው ቅጽ ግን «ፊል ኢን» ቢባልም «ፊል አውት» ቢባልም ያው መሙላት ነው!

ፈሊጦችም እንደዚሁ ናቸው። «ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል ነገር ነው። ተቃራኒው ከኬክ ጋር አይገናኝም፤ «ኤ ሃርድ ነት ቱ ክራክ» ይባላል፤ ለመስበር የሚያስቸግር ለውዝ እንደማለት።

ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር መከርኩት። ደብተርህ ላይ «ፑት ኦን» ብለህ ብቻውን አትጻፍ። ከጫማው ጋር ጻፈው፣ ከጎኑም ያንኑ ጫማ የሚያወልቀውን ጻፍ። ቀጠሮው ሌላ መስመር ይኑረው።

ወደቡ ሲቃረብ እሱ ራሱ አንድ አመጣ። «‹ጊቭ አፕ› እጅ መስጠት ነው አይደል? ታዲያ ‹ጊቭ ዳውን› የለም ማለት ነው?»

የለም አልኩት። ተቃራኒው «ኬሪ ኦን» ነው፤ ሳያቋርጡ መቀጠል። ጀልባው ሳይቆም ጻፈው።