«በዓመት አንዴ ረገጥ አድርጎ መመለስ ይበቃል» እና ሌሎች የግሪን ካርድ ወሬዎች

ሀዋሳ ላይ «ስለ ግሪን ካርድ አላውቅም» የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየተበላ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር ሁሉም ጠበቃ ነው። የእኔ ሥራ ፒያሳ አካባቢ የቪዛና የኢሚግሬሽን ፎርም መሙላት ነው። ስለዚህ ወሬው ከተማውን ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚያርፈውም አብዛኛውን ጊዜ ትኬት ከተቆረጠና ዘመድ ከተሰነባበተ በኋላ ነው። ሰልችቶኛል። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«በዓመት አንዴ ረገጥ አድርጎ መመለስ ይበቃል»

ይሄ የወሬዎች ሁሉ አባት ነው። «በየስድስት ወሩ ብቅ ማለት ነው» የሚል ታናሽ ወንድምም አለው። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ልጅ ሲትዝን ይሆናል፣ እናትና አባቱን ይወስዳል። እነሱ አንድ ክረምት በረዶውን ካዩ በኋላ ቤታቸው ይናፍቃቸዋል። ማን ይፈርድባቸዋል? ልጅ ሥራ ይውላል፣ ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤት የለም፣ ሐኪም ቤት እንኳ ያለ ልጅ አይኬድም። ይመለሳሉ። እዚህ ቤታቸውን ያድሳሉ፣ ኪራይ ይሰበስባሉ፣ እድራቸውን ይከፍላሉ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ለሦስት ሳምንት ሄደው የልጅ ልጅ ስመው ይመጣሉ። በቃ፣ ካርዱ አልተቃጠለም ብለው ይተኛሉ።

ሕጉ የሚጠይቀው ግን «መኖሪያህ የት ነው?» ብሎ ነው። ግሪን ካርድ አሜሪካ ለመኖር የተሰጠ ፈቃድ ነው። ለመመላለሻ ቢሆን ኖሮ የጉብኝት ቪዛ ይበቃ ነበር። ኤርፖርት ላይ ያለው ኦፊሰር ስንት ቀን እንደቆያችሁ የሚያየው እንደ አንድ ፍንጭ ነው። ሌላም ያያል። ሥራ የት ነው? ታክስ ፋይል ታደርጋላችሁ ወይ፣ ለዚያውም እንደ ነዋሪ? ቤታችሁ፣ ባንካችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ የት ነው? ወደ ኢትዮጵያ የሄዳችሁበት ጉዳይ ማለቂያ ነበረው ወይስ ኑሮ ነው? አባቱን ሲያስታምም ስምንት ወር የቆየ ሰው፣ ሥራውና ቤቱ እዚያው ከጠበቁት፣ ተጠይቆ በሰላም ሊገባ ይችላል። በየአምስት ወሩ ብቅ እያለ ኑሮውን ሀዋሳ ያደረገ ሰው ግን አንድም ጊዜ ስድስት ወር ሳይሞላው ካርዱን ሊያጣ ይችላል።

አንድ አባት ነበሩ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነጋዴ። በየዓመቱ ሄደው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ኦፊሰሩ በስልክ አስተርጓሚ «የት ነው የሚኖሩት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው «ሀዋሳ ነዋ!» አሉት። የሦስት ሳምንት የመመለሻ ትኬታቸው ፓስፖርቱ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቦርሳቸው ውስጥ ደግሞ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ቅጂ ነበር፤ «ለማንኛውም» ብለው ይዘውት የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰውዬው አልዋሹም። የዋሻቸው «ረገጥ አድርጎ መመለስ ነው» ያላቸው ሰው ነው።

ታዲያ ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ሕጉ ውስጥ አሉ፣ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ይታያል፤ የመግቢያ መስፈርቶቹ እንደገና ሊነሱበት ይችላሉ። 1 ዓመት ካለፈ ደግሞ ካርዱ ብቻውን መግቢያ ሰነድ መሆኑ ያበቃል። ሰዉ ይሄን ሰማና «ከዚያ በታች ከሆነ ምንም የለም» ብሎ ገለበጠው። ሕጉ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

ቆጠራውም ራሱ ጣጣ አለው። አንዲት እናት ሚያዝያ 1 ቀን ገብተው መስከረም 30 ቀን ለመብረር ትኬት ቆርጠዋል። «ልጄ፣ ልክ ስድስት ወር ነው» ብለው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ስድስት ሠላሳ፣ 180። ጳጉሜንስ? ጳጉሜን ረስተዋታል! አምስት ቀን ተጨምሮ 185 ሆነ። የበረራውን ቀን ቀደም አደረግነው።

«ኦፊሰሩ ካርዱን ከወሰደ አለቀ»

አላለቀም። የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በራስ ፊርማ ነው። አይ-407 የሚባል ወረቀት አለ፤ «ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ማለት ነው። በፈቃድ ነው የሚፈረመው። አለመፈረምና «ጉዳዬን የኢሚግሬሽን ዳኛ ይይልኝ» ማለት መብት ነው። ዳኛ ፊት ነዋሪነቱን ትቷል ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የመንግሥት ነው፣ ቀላል ሸክምም አይደለም። ዳኛው እስኪወስን ድረስም ሰውየው ነዋሪ ነው። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ በኋላ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ኦፊሰሩ ቢቆጣም፣ ሌላው ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ እያለፈ ቢሆንም አትፈርሙ። እኚያ የመናኸሪያው ነጋዴ ፈርመው ነው የተመለሱት። ልጃቸው ሲትዝን ስለሆነች እንደገና ማመልከት ትችላለች፣ ግን ከሀ መጀመር ነው።

«ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት እዚህ ሆነን እናስሞላለን»

ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ረዘም አድርጎ ቆይቶ የሚመለስበት ፈቃድ ነው። ይሄን ለማስሞላት የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ገንዘቡንም ቆጥሮ ይዞ ነው የሚመጣው። አልወስድም። አይ-131 የሚባለው ማመልከቻ ሲገባ አመልካቹ አሜሪካ ምድር ላይ መሆን አለበት። አሻራም ከተጠራ እዚያው ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ ወጥቶ መምጣት ይቻላል፤ ፎርሙ ላይ ከተጠየቀ ፐርሚቱን አዲስ አበባ ኤምባሲ መውሰድም ይቻላል። ሀዋሳ ሆኖ «ከዚህ ይላክልኝ» ግን የለም። ልላክልህ የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን እንጂ ፎርሙን አይልከውም።

ፐርሚቱ ቢበዛ 2 ዓመት ያገለግላል፤ አይታደስም። ሌላ ለማውጣት ተመልሶ ሄዶ እንደገና ማመልከት ነው። ካለፉት 5 ዓመታት ከ4 በላይ ውጭ ያሳለፈ ሰው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ብቻ ነው። ፐርሚት ያለው ሰው «ብዙ ቆይተሃል» በሚል ብቻ አይመለስም። «መኖሪያህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

እንግዲህ ለመቆየት ያሰበ ሰው ከመውጣቱ በፊት ያመልክት። እናትና አባታችሁን የምትወስዱ ልጆች፣ ይሄ የናንተ የቤት ሥራ ነው። መመለሳቸው አይቀርም፤ በረዶው እስኪያስለቅሳቸው አትጠብቁ።

ሳያመለክት ዓመት ያለፈውስ? «ምንም ተስፋ የለም» የሚለውም ውሸት ነው። ኤምባሲው ተመላሽ ነዋሪ ቪዛ የሚባል አለው፣ ማመልከቻው ዲኤስ-117 ነው። ስትወጡ የመመለስ ሐሳብ እንደነበራችሁ፣ የቆያችሁትም ከአቅማችሁ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይጠይቃል። ከባድ ሕመም ከሐኪም ወረቀት ጋር፣ እሺ። «ቤት እያስጨረስኩ ነበር» ግን ምክንያት አይደለም። ሲሚንቶ መወደዱን ኤምባሲው ይወቀው አይወቀው ለውጥ የለውም።

«ፐርሚት ካለኝ ለሲትዝንሺፕም ይቆጠርልኛል»

አይቆጠርም። ሲትዝንሺፕ የራሱ ሂሳብ አለው። በአጠቃላይ 5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት፣ ከሲትዝን የትዳር ጓደኛ ጋር ለሚኖር 3 ዓመት። ከ5ቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያ መገኘት። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ከቆያችሁ ተከታታይነቱ እንደተቋረጠ ይገመታል፤ አልተቋረጠም ብላችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። 1 ዓመት ከሞላ ይቋረጣል፣ ፐርሚት ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም።

ቶሎ ቶሎ የምናልፋቸው

«የካርዱ ቀን ካለፈ ነዋሪነቱም አለፈ።» የ10 ዓመቱ ካርድ ከሆነ አላለፈም፤ ካርዱ ይታደሳል። በትዳር የሚሰጠው የ2 ዓመቱ ካርድ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ችላ አትበሉ።

«ዲቪ የደረሰው ሰው ካርዱን በእጁ ሳይዝ መውጣት አይችልም።» ይችላል። ሲገባ ማህተም የተመታበት የኢሚግራንት ቪዛ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ የሚቀበል የታመነ ሰው አድራሻው ላይ ይኑር እንጂ።

«ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል።» እናንተ እኮ አሁንም ኢትዮጵያዊ ናችሁ! የታደሰ ፓስፖርት ይበቃል።

«ኤርፖርት ውስጥ ብቻ ከሆንኩ የአውሮፓ ትራንዚት ቪዛ አልፈልግም።» የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት በኩል አውሮፕላን ለመቀየርም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው።

«ሁሉም አገር ያው ነው።» አይደለም፣ ወሬው የሚደባለቀውም እዚህ ላይ ነው። ካናዳ በእርግጥ በቀን ነው የምትቆጥረው፤ ከ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን እዚያ መገኘት ነው። እንግሊዝ ያለ ገደብ የመኖር ፈቃድ ያለው ሰው በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ ከወጣ ፈቃዱ ይወድቃል። ኤምሬትስ መደበኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከ6 ወር በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ይበላሻል። ዱባይ ያለች እህታችሁ የነገረቻችሁ ስድስት ወር የዱባይ ነው፤ አሜሪካ ይዛችሁት አትሂዱ።

«ቪዛው ላይ ያለው ቀን መቆያዬ ነው»

ይሄ ደግሞ የጎብኚዎች በሽታ ነው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የሚሄዱ እናቶች ሁሉ ይሄን ይጠይቁኛል። ቪዛው ላይ ያለው ቀን በሩን ማንኳኳት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ መቼ እንደምትቆዩ የሚወስነው ስትገቡ ኦፊሰሩ የሚሰጣችሁ ቀን ነው። እሱም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ኢንተርኔት ላይ ታያላችሁ። ስለዚህ ቪዛው ነገ የሚያልቅ ሰው ዛሬ ገብቶ ስድስት ወር ሊሰጠው ይችላል፤ የረጅም ጊዜ ቪዛ ያለው ደግሞ የአንድ ወር ቀን ተሰጥቶት አምስት ወር ቢቆይ ቪዛ አቃጠለ።

ያ ቀን ሳያልፍ ማራዘሚያ ያላመለከተ ሰው አንድ ቀን እንኳ ቢያሳልፍ ቪዛው ይሰረዛል። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ በአጠቃላይ ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመት የሞላው ለ10 ዓመት መመለስ ይከለከላል። «ራሴ በሰላም ከወጣሁ ምን አደረጉኝ?» የሚለው ብዙ ነው። እገዳው የሚጀምረው ስትወጡ ነው እኮ። ካናዳ ወጣ ብሎ መመለስ ቀኑን ያድሳል የሚባለውም ተስፋ አይደረግበትም፤ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ቀኑን ይዞ ነው የሚገባው።

ሸንገን ላይ ደግሞ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ለንደን ደርሶ መመለስ ቆጠራውን ዜሮ አያደርገውም።

«የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ቀኑ ስላላለፈ በሱ እገባለሁ»

ይሄን የሚሉት ሲትዝን የሆኑት ናቸው፣ በተለይ ለፊቼ ጨምበላላ ሲመጡ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጁ፣ በ378/1996፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ትቷል። ፓስፖርቱ ላይ የቀረው ጊዜ አያድነውም። መፍትሔው ቢጫ ካርድ ነው፣ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ። የካርዱ ጊዜ እስካላለፈ ድረስ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖር፣ መሥራት ይቻላል። እሱ ከሌለ ቪዛ።

ቪዛ ካወጣችሁም መግቢያው ነጠላ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከዚህ በዲላ አድርጋችሁ ሞያሌ ወርዳችሁ፣ «ናይሮቢ ሁለት ቀን አይተን እንመለሳለን» ብላችሁ የመውጫ ማህተም ካስመታችሁ ነጠላው ቪዛ አልቋል፤ ለመመለስ አዲስ ማውጣት ነው። ማህተሙ ከመመታቱ በፊት ደውሉልኝ፣ ከተመታ በኋላ ሳይሆን።