ሞርዳንት ምንድን ነው?

«ቀለሙ እንዲይዝ ጨውና ኮምጣጤ ጨምሩበት፤ ሞርዳንት ማለት እሱ ነው» ሲባል ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁ። ተናጋሪው የያዘው ጎጃም ውስጥ በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ማግ ነበር። ማግ ስንት ምሽት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው በሁለት እጥበት ቀለሙ ሲሄድ ማየት ያንገበግበዋል።

የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ጥጥ ውስጥ ቢገባም የሚይዘው የለም፤ ዋስ ያስፈልገዋል። ሞርዳንት ያ ዋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሉም የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአሉሚኒየም ውህድ ነው፤ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም በአንድ በኩል ክሩን፣ በሌላ በኩል ቀለሙን ይጨብጣል። ዋስ የሚጠራው ብድሩ ከመሰጠቱ በፊት ስለሆነ፣ ክሩም ቀለም ውስጥ ከመግባቱ በፊት አሉም ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይመረጣል። ጥጥ ግን አሉሙንም በቀላሉ አያምነውም፤ ለዋሱም ዋስ ይጠይቃል። እሱም ታኒን ነው፤ ቆዳ ፋቂዎች ከግራር ልጣጭ የሚያወጡት። ጨው በዚህ ጉዳይ አጃቢ እንጂ ዋስ አይደለም፤ ዕዳው ሲመጣ አይጠየቅም።

ጨው የሚጠቅመው ለአንዳንድ የፋብሪካ ቀለሞች ነው፤ ቀለሙና ጥጡ ውሃ ውስጥ እንዳይገፋፉ ያደርጋል። ምክሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ኮምጣጤም የበግ ጠጉር ላይ አንዳንድ ቀለሞችን ያግዛል። «እንሶስላ አሉም ሳይጨመርበት እጅ ላይ ይይዝ የለም ወይ?» ለሚለኝም መልሱ እዚሁ ነው። ቆዳም ጠጉርም ፕሮቲን ናቸው፤ ጥጥ ግን ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት አካል የሚሠራበት ነገር ነው። እጅ ላይ የሠራ ሁሉ ነጠላ ላይ አይሠራም።

ለ100 ግራም ደረቅ የጥጥ ክር ከ15 እስከ 20 ግራም አሉም ይበቃል። ይህ ግን ክሩ በደንብ ከታጠበ ነው። ጥሬ ጥጥ ሰም አለው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ክር ገና አልጸዳም። በልቃቂቱ እንዳለም አትንከሩት፤ ውስጡ ነጭ ይቀራል። ፈታችሁ፣ በሰፊው ጠቅልላችሁ፣ አላልታችሁ እሰሩት። ድስቱ የምግብ አይሁን። ከሚዝግ ብረት የተሠራ ድስትም ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ ብረት ሲበዛ ደግሞ ውሎ አድሮ ጥጡን ይበላዋል።

ሁሉም ቀለም ሞርዳንት አይፈልግም። ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም የራሱ መንገድ አለው። እርድም ጥጥን ያለ አሉም ይይዛል፤ ግን ፀሐይ አይችልም፣ አሉምም ከዚያ አያድነውም። ቀይ ሥር ደግሞ ድስት ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር ይለቃል፤ ለጥለት አትድከሙበት።