በወንዝ አፍ ውሃ የሚኖሩ ፋይቶፕላንክተኖች የናይትሮጅን አወሳሰድ

ፋይቶፕላንክተን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉና በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ደቂቅ ሕዋሳት የጋራ መጠሪያ ነው። ፕሮቲን ለመገንባት ናይትሮጅን የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ በአማካይ ለ106 የካርቦን አቶሞች 16 የናይትሮጅንና 1 የፎስፈረስ አቶም ይወስዳሉ። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ናይትሮጅን በብዛት የሚመጣው ከእርሻ በታጠበ ናይትሬት፣ ከከተማ ፍሳሽ በሚወጣ አሞኒየም እንዲሁም በዩሪያ መልክ ነው።

ሕዋሱ እነዚህን እኩል አያያቸውም። አሞኒየም በቀጥታ ወደ አሚኖ አሲድ ሲገባ፣ ናይትሬት ግን አስቀድሞ በሁለት ኢንዛይሞች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ አሞኒየም መለወጥ አለበት። ይህ ለውጥ ስምንት ኤሌክትሮኖችን ስለሚጠይቅ፣ ኃይሉም በዋናነት ከብርሃን ስለሚገኝ፣ በደለል በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ናይትሬት ተትረፍርፎ እያለ ሳይነካ ወደ ባሕር ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ አሞኒየም ሲበዛ የናይትሬት ቅበላ ይገታል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የተደረጉ ጥናቶች በሊትር ከ4 ማይክሮሞል ገደማ በላይ አሞኒየም ሲኖር ዳያቶሞች (የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው የፋይቶፕላንክተን ዓይነቶች) ናይትሬትን መውሰድ በእጅጉ እንደሚቀንሱ አመልክተዋል። በዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚታየውን የፋይቶፕላንክተን ማነስ ግን በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በዚያው የተገኘው መጤ ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት ለበስ የውሃ ፍጥረት ውሃውን እያጣራ ስለሚመገባቸው ክርክሩ አልተዘጋም።

ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በጸደይ የሚሞላው ወንዝ ናይትሬት ይዞ ሲመጣ ዳያቶሞች ይፋፋሉ፤ ሞተው ወደ ታች የዘቀጡት ሲበሰብሱ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ፣ ከነሱ የሚለቀቀው አሞኒየም ደግሞ ከጸደይ ቀጥሎ በሚመጣው ሞቃት ወቅት የሚኖሩትን ትናንሽ ፋይቶፕላንክተን ይመግባል። አንዱ የናይትሮጅን አቶም ከመውጣቱ በፊት ደጋግሞ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት ነው።

ቅበላው የሚለካው ናይትሮጅን 15 የተባለውን ከተለመደው ከበድ ያለ የናይትሮጅን አቶም የያዘ ናይትሬት ወይም አሞኒየም በናሙና ውሃ ላይ ጨምሮ፣ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ውስጥ አቆይቶና አጣርቶ፣ በማጣሪያው ላይ የቀረውን መጠን በመመዘን ነው። ማጣሪያው ከፋይቶፕላንክተን ጋር አሞኒየም የሚወስዱ ባክቴሪያዎችንም ስለሚያስቀር፣ በተለይ በደፈረሰ ውሃ የተገኘውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ የፋይቶፕላንክተኑ ድርሻ አድርጎ ማንበብ ያሳስታል።