የዊንች ገመድና ፑሊ፦ ጭቃ የዋጠውን መኪና ማውጣት

ክረምት ላይ በቾ ሜዳ ላይ መኪናው ለተያዘበት ሰው ስለ ዋልካ አፈር ማስረዳት አያስፈልግም። ጎማው ሁለት ዙር ይሽከረከራል፣ ጥርሱ በጭቃ ይሞላል፣ ከዚያ መኪናው በሆዱ ይተኛል። የአካባቢው ልጆች ይሰበሰባሉ። ድንጋይና ቅጠል ይጎዘጎዛል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት!" ይባላል። ያም አልሆን ሲል ተራው የዊንች ነው።

ዊንች አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ላይ የሚታሰር፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ገመድ መጠቅለያ ነው። ለረጅም ዘመን የሚጠቀለልበት የብረት ካቦ ብቻ ነበር። ካቦ ጠንካራ ነው፤ ድንጋይም ፀሐይም ብዙም አይበግረውም። ግን ሲያረጅ ሽቦው እየተበጠሰ እንደ እሾህ ይቆማል፣ ጓንት ሳይቀር ይበሳል። ተወጥሮ ሳለ ከተበጠሰ ደግሞ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። ሰው ይገድላል።

ሲንተቲክ የሚባለው ገመድ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው። አዎ፣ ከነፌስታልና ጀሪካን ቤተሰብ። ልዩነቱ የሞለኪውሎቹ ርዝመትና አሰላለፍ ላይ ነው፤ እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተስበው ክር ይሆናሉ። የኔዘርላንዱ ዲኤስኤም ኩባንያ ይህን ክር ዳይኒማ ብሎ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ማምረት ጀመረ። ለዊንች የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በ12 ዘለላ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ገመድ ነው። በእጅ ሲይዙት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። 30 ሜትር የብረት ካቦ ከ10 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ ተመጣጣኙ ሲንተቲክ 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ቀላል ስለሆነና ስለማይለጠጥ፣ ሲበጠስ የሚወረውረው ጉልበት ትንሽ ነው። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው።

ቢበጠስም እዚያው ጭቃው ዳር ይጠገናል። ገመዱን ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ዘለላው ይከፈታል፤ ጫፉን በዚያ አስገብቶ ረዘም አድርጎ መቅበር ነው። ሲሳብ የላይኛው ሹሩባ የውስጡን ጨምቆ ይይዘዋል። ቋጠሮ ግን አይሆንም። ወይ ያሟልጫል፣ ወይ የገመዱን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አሁን ወደ ፑሊው፣ ገመድ ወደሚዞርበት ባለ ቦይ ተሽከርካሪ ብረት። በዊንቹ ላይ የተጻፈው ጉልበት የሚገኘው መጠቅለያው ላይ አንድ ድርብ፣ ማለትም አንድ የገመድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው። ድርቡ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ በየድርቡ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 4,300 ኪሎ ይስባል የተባለ ዊንች፣ ገመዱ ሙሉ ተጠቅልሎ ሳለ 3,000 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ጭቃው ስንት ይጠይቃል? በአሜሪካ ጦር የቆየ ስሌት መሠረት፣ መኪናው እስከ ጎማው ከሰጠመ የራሱን ክብደት ያህል፣ እስከ ፓራፋንጎ ከሰጠመ እጥፉን መሳብ ያስፈልጋል። ዕቃ የጫነ 3 ቶን ላንድክሩዘር እስከ ፓራፋንጎ ከገባ እንግዲህ 6,000 ኪሎ ነው። ዊንቹ ብቻውን አይችልም።

ፑሊው ዛፍ ላይ ታስሮ፣ ገመዱ በውስጡ ዞሮ መልሶ መኪናው ላይ ሲታሰር፣ መኪናውን ሁለት ገመድ ይስበዋል። ለሰበቃ 10 በመቶ ገደማ ቢታሰብም ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ፣ ማን ቸኩሏል? ገመዱ ብዙ ስለሚለቀቅ ደግሞ ዊንቹ ጉልበታም ወደሆነው የታችኛው ድርብ ይወርዳል። ባትሪውም ያርፋል፤ ሙሉ ጭነት ላይ ከ400 አምፔር በላይ የሚስቡ ዊንቾች አሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ዛፉን ነው። ፑሊ የዊንቹንና የገመዱን ጭነት እንጂ የዛፉን አያቀልም። መኪናው 6,000 ኪሎ ከጠየቀ፣ ዛፉም 6,000 ይሸከማል። ስለዚህ በወፍራሙ ግንድ፣ ከሥር ዝቅ ብሎ፣ ቅርፊቱን በማይቆርጥ ሰፊ ቀበቶ ይታሰራል። በቾ ላይ ግን ዛፍ ከየት ይመጣል? ዳናኪል የጨው ሜዳ ላይማ አይታሰብም። እዚያ ሁለተኛ መኪና ካልኖረ፣ በዛፍ ፈንታ ገመዱ የሚታሰርበትን ትርፍ ጎማ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው። ቁፋሮው ወገብ ይቆርጣል።

ሌላም አደጋ አለ። ገመዱ ቀላል ነው ብሎ መዘናጋት። ማሰሪያው ከተበጠሰ ብረቱ ፑሊ ወንጭፍ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ወደ መኪናው ይወነጨፋል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙዎች በከባዱ ፑሊ ፈንታ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ቀለበት፣ በብረት ሻክል (ፑሊውን ከቀበቶው ጋር በሚያያይዘው ማገናኛ) ፈንታ ከገመድ የተሠራ ሻክል የሚይዙት። ቀለበቱ አይሽከረከርም፣ ገመዱ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ሰበቃው ከፑሊ ይበልጣል፤ ደህንነቱ ግን ያዋጣል። እንዲያም ሆኖ ሰው ከገመዱ ጎንና ገመዱ ዞሮ ከሚሠራው ማዕዘን ውስጥ መራቅ አለበት። ወፍራም ጃኬት ወይም ብርድ ልብስ ገመዱ ላይ ጣል ማድረግም ደግ ነው።

ሲንተቲክ ጠላቱ ብዙ ነው። ፀሐይ ያደክመዋል፣ ስለታም ድንጋይ ይቆርጠዋል፣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላ ይቀልጣል። ፍሬናቸው መጠቅለያው ውስጥ የሆነ ዊንቾች ስለሚግሉ፣ ገመዱን በሞተር ከመልቀቅ መጠቅለያውን ፈትቶ በእጅ መሳብ ይሻላል። ሲሳብም እስከ ጫፉ አይለቀቅም፤ ስለሚያሟልጭ 10 ዙር ያህል መጠቅለያው ላይ መቅረት አለበት። ካቦ የቧጨረው አሮጌ ፑሊም ሆነ የገመድ መውጫ ለዚህ ገመድ ምላጭ ነው። ገመዱን ቀይሮ መውጫውን አለመቀየር ብር መጣል ነው።

ቤት ሲደርሱ ገመዱ ተዘርግቶ በውኃ ይታጠባል፤ ዘለላው መሃል የገባው ደለል ከውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋልና። ከዚያ ትንሽ ዳገት ይፈለግና ጫፉ ዛፍ ላይ ታስሮ፣ መኪናው ራሱን እየሳበ ይጠቀልለዋል። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ገመድ በሚቀጥለው ጊዜ በድርቡ መሃል ሰምጦ ይቀረቀራል።