ከደም ጠብታ እስከ ሐርላ መቃብር፦ የዲኤንኤ ምርመራ በወንጀልና በታሪክ ፍለጋ

ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው በሐርላ፣ ገበሬዎች ማሳቸውን ሲያርሱ የሸክላ ስብርባሪ፣ ዶቃና የቆየ ሳንቲም ማግኘታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። የግንቡ ድንጋዮች ከመተለቃቸው የተነሣ ተራ ሰው የሚያነሣቸው ስላልመሰለ፣ ከተማዋን የገነቡት ግዙፋን ነበሩ የሚል አፈ ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በአርኪዮሎጂስቱ በቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካልተባለ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይፋ ሲሆን ግን የወጣው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞችና የመቃብር ስፍራ ነበር፤ አጽሞቹም እንደ ማናችንም ያለ ቁመት የነበራቸው ሰዎች አጽሞች ሆነው ተገኙ። የግዙፋኑ ነገር በዚሁ አበቃ። የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ፣ ዛሬስ ዘራቸው በማን ውስጥ አለ? ይህን ጥያቄና ትናንት ማታ በፈሰሰ ደም ላይ የሚነሣውን «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚመረምር ዘዴ ቢኖር የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ዲኤንኤ ከእናትና ከአባት የተወረሰ፣ በሕዋሳት ውስጥ የሚኖር ረጅም ጽሑፍ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከአንድ ወላጅ የሚወረሰው ክፍል ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ «ፊደላት» አሉት፤ ከዚህ ውስጥ 99.9 በመቶ ያህሉ በማንኛውም ሁለት ሰዎች መካከል አንድ ነው። መርማሪው የሚሠራው በቀሪዋ ጥቂት ልዩነት ላይ ነው። በተለይ አጫጭር የፊደል ቅንጣቶች ደጋግመው የሚመጡባቸው ቦታዎች አሉ፤ የድግግሞሹ ቁጥር ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ እንደነዚህ ያሉ ብዙ ቦታዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ አንዱን ሰው ከሌላው ይለያሉ። የአሜሪካ የፖሊስ መረጃ ቋት መጀመሪያ 13 ቦታዎችን ይቆጥር ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ግን 20 ይቆጥራል። መንትያ ሆነው ከአንድ እንቁላል የተወለዱ ሰዎች ብቻ በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ አይለዩም።

ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሱ ሁለት ክፍሎችም አሉ፤ ለታሪክ ፍለጋ በተለይ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ዋይ የተባለው ክሮሞዞም ሲሆን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ መንገዱም የእኛን የስም አጠራር፣ ማለትም ስምን ከአባትና ከአያት ስም ጋር የመጥራቱን ልማድ በትክክል ይከተላል። ሁለተኛው 16,569 ፊደላት ያሉት የማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል፣ ዲኤንኤ ነው፤ እናት ለወንዱም ለሴቱም ልጇ ታወርሰዋለች፤ ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ሴቶች ልጆቿ ብቻ ናቸው። በእኛ አገር የስም አጠራር የእናት ወገን ሐረግ አይገባም፤ የሶማሌ አዛውንቶች በቃላቸው የሚቆጥሩት የረጅም ትውልድ ሐረግም የአባት ነው። በስማችን ውስጥ የማይገኙት እናቶች በዚህ አጭር የዲኤንኤ ጽሑፍ ውስጥ እንዳሉ ማወቅ ለጸሐፊው እጅግ ልብ የሚነካ ነገር ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ስላለውም፣ ሌላው ዲኤንኤ በጠፋበት አሮጌ አጥንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው እሱ ነው።

ዘዴው ለወንጀል ምርመራ የበቃው በእንግሊዝ የሌስተር ከተማ ነው። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አሌክ ጄፍሪስ የዲኤንኤ አሻራን ያገኙት በመስከረም 1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1983 እና በ1986 በከተማዋ አቅራቢያ በተደፈሩና በተገደሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ጉዳይ ላይ ተጠቀሙበት። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛውን ግድያ እንደፈጸመ አምኖ ነበር፤ ምርመራው ግን ሁለቱንም የፈጸመው አንድ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ዲኤንኤ በግድያ ጉዳይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጥፋተኛን መያዝ ሳይሆን ንጹሑን ማዳን ነበር። ከዚያ ፖሊስ ወደ 5,000 በሚጠጉ የአካባቢው ወንዶች ላይ ምርመራ አካሄደ። ገዳዩ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ደም እንዲሰጥለት አድርጎ ቢያመልጥም፣ ነገሩ በመጠጥ ቤት ወሬ ተሰምቶ በ1987 ተያዘ፣ በ1988ም ተፈረደበት። በአሜሪካም ከ1989 ወዲህ ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸው ከ300 በላይ ሰዎች በዲኤንኤ ነጻ ወጥተዋል።

የእጅ ሥራው ግን ከላብራቶሪው በፊት ይጀምራል። ደም የነካው ልብስ እንደረጠበ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ በድሬዳዋ ሙቀት ቢቀመጥ፣ በታፈነው እርጥበት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባና ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ልብሱ በጥላ ደርቆ በወረቀት ፖስታ ሊታሸግ፣ ማን እንደያዘውና መቼ ለማን እንዳስረከበ በየደረጃው ሊጻፍ ይገባል። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ናሙናው ያን ሁሉ መንገድ በሙቀት ውስጥ የሚጓዝ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ፖሊስ በቦታው ያደረገው ጥንቃቄ ከውጤቱ ግማሽ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1954 ዓ.ም. (1961 እ.ኤ.አ.) የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 መርማሪው ተከሳሹን በሐኪም እንዲያስመረምር፣ ምርመራውም የደም ምርመራን እንዲጨምር ፈቅዶ ነበር፤ የወንጀሉ ተጎጂ ግን ያለ ፈቃዷ እንዳትመረመር ደንግጓል። ሕጉ የወጣው የዲኤንኤ አሻራ ከመታወቁ ከሃያ ዓመታት በላይ ቀድሞ መሆኑ ሲታሰብ አርቆ አስተዋይነቱ ይደነቃል።

ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ ጀርመን አሳይታለች። ከ1993 ጀምሮ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በ40 ያህል የወንጀል ቦታዎች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ይገኝ ነበር፤ በ2007 በሃይልብሮን ከተማ በተገደለች የፖሊስ ባልደረባ ጉዳይም እንዲሁ። በ2009 እንደተደረሰበት ዲኤንኤው ናሙና መውሰጃውን ጥጥ በፋብሪካ ታዘጋጅ የነበረች የአንዲት ሠራተኛ ነበር። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ቢሆንም ከዲኤንኤ የጸዳ አልነበረም። የዲኤንኤ መገኘት ዲኤንኤው እዚያ መድረሱን እንጂ መቼ፣ እንዴትና ለምን እንደደረሰ አይናገርም።

የወንጀሉ ሰለባ ሁልጊዜ ሰው አይደለም። ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ፣ ዝሆኖች ለጥርሳቸው ሲባል ይገደላሉ። በየወደቡ የሚያዝ የዝሆን ጥርስ ግን የተገደለበትን ቦታ በራሱ ይመሰክራል፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሳሙኤል ዋሰር ከመላው አፍሪካ የዝሆን ፋንድያ ሰብስበው የየአካባቢውን ዘረመል፣ ማለትም በዲኤንኤ የተጻፈውን ውርስ፣ በካርታ ካስቀመጡ በኋላ፣ የተያዘውን ጥርስ ከካርታው ጋር ማመሳከር ተችሏል። በ2015 የወጣው ጥናታቸው ከተመረመሩት ትልልቅ ጭነቶች አብዛኞቹ ከሁለት አካባቢዎች እንደመጡ አሳይቷል።

ወደ ታሪክ ስንመለስ፣ በ1991 በሩሲያ የካተሪንቡርግ አጠገብ የወጣው አጽም የመጨረሻው ቄሳር ቤተሰብ መሆኑ የተረጋገጠው የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ በእናት ወገን የእቴጌዋ ዘመድ ስለነበሩና ደማቸው ስለተመሳከረ ነው። በ2012 ደግሞ በዚያው በሌስተር በመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው የንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ አጽም በእናት መስመር ከሕያው ዘመድ ጋር ሲገጥም፣ በአባት መስመር ግን አልገጠመም፤ በመካከል በነበረው ትውልድ አባት የተባለው ሰው እውነተኛው አባት ያልሆነበት ጊዜ እንደነበረ ያመለክታል። በጽሑፍ የተቀመጠ የነገሥታት ሐረግ እንኳ እንዲህ ከሆነ በቃል የሚነገረውን ሐረግ በትሕትና ማየት ተገቢ ነው።

በአገራችን በዚህ ረገድ ቀዳሚው ሥራ በደቡብ፣ በጋሞ ከፍተኛ ቦታ በሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ነው። በ2012 ከተቆፈረ በኋላ ሙሉ ዘረመሉ ከውስጠኛው የጆሮ አጥንት ተወስዶ በ2015 ታተመ፤ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ዘረመል ነበር። ስሙም ባይራ፣ በጋሞ ቋንቋ በኩር ማለት፣ ተባለ። ተመራማሪዎቹ በአፍሪካ ውስጥ ስላለው ከውጭ የመጣ ዘር መጠን ያሰሉት ቁጥር በሶፍትዌር ስሕተት ከልክ በላይ እንደነበር በቀጣዩ ዓመት ራሳቸው አርመዋል፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች ሊታመኑ ይገባል። ዘረመሉ ሊተርፍ የቻለው ዋሻው ቀዝቃዛና ከፍታ ላይ በመሆኑ ነው። በድሬዳዋ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በ1933 ሲቆፈር የመንጋጋ አጥንት ሰጥቷል፤ ነገር ግን የቆላው ሙቀት የዲኤንኤ ጠላት ነው፤ ሞለኪዩሉን ይበጣጥሰዋል።

የሐርላ መቃብር ከዋሻው ይልቅ ገና ወጣት ነው፤ ስለዚህ ከውስጠኛው የጆሮ አጥንት ዲኤንኤ የማግኘት ተስፋ ይበልጣል። ሐረሪውም፣ አርጎባውም፣ ሶማሌውም፣ አፋሩም ከሐርላ ጋር የሚያያዝበት ወግ አለው። ዲኤንኤ የአንዲት የሐርላ ሴት የእናት ወገን ሐረግ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሊነግረን ይችላል፤ በምን ቋንቋ ትናገር እንደነበር ግን አይነግረንም፤ ቋንቋና ሃይማኖት በደም አይወረሱም። መቃብሩም የሙስሊም መቃብር በመሆኑ አጥንት ከመነካቱ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከወንጀልም ከጥንት ታሪክም ውጭ፣ ይህ ዘዴ የጠፉ ሰዎችን ስም ይመልሳል። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሞቱት 157 ሰዎች ከየቤተሰባቸው ከተወሰደ ናሙና ጋር ተመሳክረው በዚያው ዓመት መስከረም ማንነታቸው ታወቀ። በድሬዳዋ ግን በኦገስት 2006 እ.ኤ.አ. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ ብዙዎች በአሸዋው ተቀብረው ቀርተዋል። በደቻቱ ዳርና በታችኛው ተፋሰስ ዛሬም አጥንት ቢወጣ፣ ስም ሊሰጠው የሚችለው ከጠፋው ሰው እናት፣ አባት ወይም ልጅ ጉንጭ በጥጥ የሚወሰድ ትንሽ ናሙና ነው። እነዚያ እናቶችና አባቶች በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ናሙናው ግን ከተወሰደ በኋላ ደርቆ በወረቀት ላይ ለብዙ ዓመታት መቆየት ይችላል።